«ቢድ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ዶቃ፣ ጨሌና መቁጠሪያ በድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን

በእንግሊዝኛ «ቢድ» የሚባለው ቃል ከቀላሎቹ ቃላት አንዱ ይመስላል። ተማሪ በትንሽ መዝገበ ቃላት ቢፈልገው «መካከሉ የተበሳ፣ በክር የሚሰካ ትንሽ ድቡልቡል ነገር» የሚል ፍች ያገኛል፤ በአማርኛም «ዶቃ» ብሎ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ግን ቃሉ እንደሚመስለው ቀላል አለመሆኑ ነው። ጥናቶቻችንን በአማርኛ ጠይቀን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ይህ አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ የአማርኛ ቃላትን ይውጣል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስሕተቱን ይይዝልናል ብለን የምንታመንበት የመጠይቅ ማረጋገጫ፣ ማለትም መልሶ መተርጐም፣ ይህን ስሕተት ሊያየው የማይችል መሆኑ ነው። ቃሉ ትንሽ ነው፤ የሚያጋልጠው የአሠራር ጉድለት ግን ትንሽ አይደለም።

ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው ከምዕራብ ጎጃም ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና በዙሪያቸው ያለው ገጠር ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው የሚሄዱበት አካባቢ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የቋንቋ ሊቃውንት ብቻ አይደለም፤ የጤና፣ የግብርና፣ የሥርዓተ ጾታና የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎችም ጭምር ነው።

ከጸሎት ወደ ፍሬ

በጥንቱ እንግሊዝኛ የቃሉ አባት «ገቤድ» ነበር፤ ትርጉሙም «ጸሎት» ነው። ጀርመኖች ዛሬም ጸሎትን «ገቤት»፣ መጸለይን «ቤተን» ሲሉ የዚያው ሥር ዘመድ መሆኑ ይታያል። ታዲያ ጸሎት የሚል ቃል እንዴት ድቡልቡል ነገር ሆነ? በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ምእመናን የጸሎታቸው ቁጥር እንዳይጠፋባቸው በክር የተሰኩ ፍሬዎችን በጣታቸው እየገፉ ይቆጥሩ ነበር። «ጸሎቱን እየቆጠረ ነው» ሲባል ሰሚው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያስተውላል፦ ከአፍ የሚወጣውን ጸሎትና በጣት የሚገፋውን ፍሬ። ጸሎቱ አይታይም፤ ፍሬው ይታያል። በጊዜ ብዛት ቃሉ ከማይታየው ወደሚታየው ተሻገረ። ስዊድናዊው የቋንቋ ተመራማሪ ጉስታፍ ስተርን በ1931 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ትርጉምና ስለ ትርጉም ለውጥ በሚናገረው መጽሐፉ እንዲህ ላለው ሽግግር የሰጠው ታዋቂ ምሳሌ ይኸው ቃል ነው። ሽግግሩ የተከሰተው በፍሬውና በጸሎቱ መካከል መመሳሰል ስላለ አይደለም፤ በአንድ ድርጊት ውስጥ ጎን ለጎን ስለተገኙ ነው። የጥንቱ ትርጉም ቅሪት በሌላ የእንግሊዝኛ ቃልም ይገኛል፦ ስለ ሌላ ሰው ነፍስ እንዲጸልይ የሚጦር ድኻ «ቢድስማን» ይባል ነበር። ይህ ሰው ፍሬ ሻጭ ሳይሆን ጸሎተኛ ነው።

ቃሉ ፍሬውን ከያዘ በኋላም አልቆመም። በግንባር ላይ የሚወጣው የላብ ነጠብጣብ «ቢድ» ተባለ። በብየዳ ቀልጦ የሚረጋው የብረት መስመር «ቢድ» ተባለ። የመኪና ጎማ ከቸርኬው ጋር የሚገጥምበት፣ በሽቦ የተጠናከረው ጠርዝም «ቢድ» ተባለ። የብየዳው መስመር ረጅም ነው፤ የጎማው ጠርዝ ቀለበት ነው፤ ሁለቱም ትናንሽ ድቡልቡሎች አይደሉም። እንግዲህ «ትንሽ ድቡልቡል ነገር» የሚለው ፍች ለቃሉ ለራሱ እንኳ አይበቃም። የቃሉን ትርጉሞች የሚያያይዛቸው የጋራ ቅርጽ ሳይሆን አንዱ ሌላውን እየወለደ የመጣበት ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ ደግሞ የእንግሊዝኛ ታሪክ ነው። አማርኛ በዚያ መንገድ አልሄደም፤ እንዲሄድም አይጠበቅበትም።

አማርኛ የሚለየው

አማርኛ ይህን የነገር ክልል በቅርጹ ሳይሆን ነገሩ በሚሰጠው አገልግሎት ይከፍለዋል።

የመጀመሪያው ዶቃ ነው። ዶቃ ጌጥ ነው፤ በሕፃን አንገት ይታሰራል፤ በሙዳይ ላይ ይሰፋል። ባለቤቱን በእምነቱ የሚያስጠይቅ ነገር የለበትም። ከሰውነትና ከልጅነት ጋር ያለው ቅርበት ግን በቋንቋው ውስጥ ተቀምጧል፦ አንድን ሰው ያለ ርኅራኄ የገሠጸ፣ ጉዱን አንድ ሳያስቀር የነገረ ሰው «የዶቃ ማሰሪያውን ነገረው» ይባላል። እኔ እንደምረዳው አነጋገሩ ኃይሉን ያገኘው የዶቃ ማሰሪያ ከገላ ጋር የተጣበቀ፣ ከቤተ ሰብ በቀር ሌላ ሰው የማያውቀው ነገር በመሆኑ ነው። ይህን «የቢድ ክሩን ነገረው» ብሎ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ የጻፈው ነገር ለማንም አይገባም። የከበሩ ጌጦች ደግሞ ከናካቴው ዶቃ አይባሉም። እግር ላይ የሚታሰረው የብር ፍሬ አልቦ ነው፤ አንገት ላይ የሚውለው ድሪ ነው። በቅርጽ ቢሄድ አልቦም ድሪም «ቢድ» ይሆናሉ፤ በአማርኛ ግን የአልቦ ባለቤት «ዶቃ አለሽ ወይ?» ብትባል «የለኝም» ብትል አልዋሸችም።

ሁለተኛው ጨሌ ነው። በቁሱ ከዶቃ የሚለየው ነገር እምብዛም ነው፤ ያው ኅብረ ቀለም ያለው የመስታወት ፍሬ ነው። በብዙ የአማርኛ ተናጋሪ አካባቢ ግን ጨሌ ሲባል ለዛር ወይም ለውቃቢ የሚቀመጥ፣ ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ፣ በጓዳ የሚከደን ነገር ይታሰባል። በኦርቶዶክስ ምእመን ዘንድ «ጨሌ አለባት» የሚለው አባባል ስለ ጌጥ የተነገረ መረጃ ሳይሆን ክስ ነው። በሌላ በኩል በኦሮምኛ ይኸው ድምፅ ያለው ቃል ለአንገት ጌጥ በክብር ይውላል፤ በአማርኛም ቢሆን ጨሌን ለተራ ጌጥ የሚጠቀሙ አሉ። ይህን በቡሬ መንገድ ላይ ሆኖ ማሰብ ይጠቅማል። ቡሬ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከአባይ ማዶና ማዶ የሚመላለሱ ሰዎች በአንድ ገበያ ላይ ይኸንኑ ቃል በሁለት ትርጉም ሊሰሙት ይችላሉ።

ሦስተኛው መቁጠሪያ ነው። ስሙ «ቆጠረ» ከሚለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ ስለ ቅርጹ ምንም አይናገርም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለው ምሕላ 41 ጊዜ ይደገማል፤ መነኮሳትና ምእመናን የሚይዙት መቁጠሪያም በ41 ወይም በእመቤታችን ዕድሜ ልክ በ64 ፍሬ ይሠራል። ሙስሊሙ በሙስበሃው 33 ወይም 99 ይቆጥራል። መቁጠሪያው ከእንጨት ፍሬ ቢሠራም፣ በክር ቋጠሮ ቢሠራም ያው መቁጠሪያ ነው። በክር ብቻ የተቋጠረውን «ቢድ» ማለት ግን ለእንግሊዝኛም ይከብደዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ መገጣጠም አለ። እንግሊዝኛ ከጸሎት ተነሥቶ በፍሬ ሲያበቃ፣ አማርኛ ፍሬውን በመቁጠር ሥራው ጠርቶ ጸሎቱን ሳይለቅ ቀረ። «ቢድ» ዛሬ ከጸሎት ተፋቷል፤ «መቁጠሪያ» አልተፋታም። ስለዚህ አንዱን በሌላው መተካት በታሪክ ተቃራኒ አቅጣጫ የሄዱ ሁለት ቃላትን እኩል ነው ብሎ መፈረም ነው። ስለ ላቡም ቢሆን አማርኛ ፍሬ መቁጠር አያስፈልገውም፤ «ላብ ችፍ አለበት» ብሎ ነገሩን በአንድ ግሥ ይጨርሰዋል።

አንድ ጥያቄ፣ ሦስት መልስ

አሁን ወደ መስክ እንውረድ። አንድ ተማሪ ስለ ገጠር ሴቶች አለባበስና ንብረት ያጠናል እንበል። መጠይቁ አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቷል፤ ምክንያቱም አማካሪውም፣ የሥነ ምግባር ገምጋሚውም፣ ፈታኙም የሚያነቡት እንግሊዝኛውን ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ቢድ አለዎት?» ይላል። ሦስት መረጃ ሰብሳቢዎች ጥያቄውን እየተረጐሙ ወደ ሦስት ቀበሌ ይወጣሉ።

የመጀመሪያው በጃቢ ጠህናን «እማማ፣ ዶቃ አለዎት?» ብሎ ይጠይቃል። አሮጊቷ ፈገግ ብለው «ምን ልጅ ነኝና!» ይሉታል። ሁለተኛው በወምበርማ «ጨሌ አለዎት?» ይላል። የቤቱ ፊት ይለወጣል፤ መልሱ «በስመ አብ! እኛ ክርስቲያን ነን» ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ጥያቄዎች በሙሉ በአጭር በአጭሩ ይመለሳሉ። ሦስተኛው በሰከላ «መቁጠሪያ ይይዛሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሴትዮዋ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ያሳዩታል። ይህ የታሰበ ምሳሌ እንጂ የመስክ ውጤት አይደለም፤ አማርኛን አፉን የፈታበት አንባቢ ግን መልሶቹ እንዲህ መሆናቸው አያስገርመውም። በሠንጠረዡ ላይ የሚታየው ሌላ ነው፦ በጃቢ ጠህናን «ቢድ» የለም፤ በወምበርማ የለም፤ በሰከላ አለ። ተማሪው የሦስቱን ወረዳዎች ልዩነት ለማብራራት አንድ ምዕራፍ ይጽፋል፤ ምናልባትም የገበያ ርቀትን ምክንያት አድርጎ ያቀርባል። የለካው ግን ወረዳዎቹን ሳይሆን መረጃ ሰብሳቢዎቹን ነው።

ከቁጥሩ መዛባት ሌላ የሚጎዳ ነገር አለ። በሁለተኛው ቤት የተጠየቁት ሰዎች ሳያስቡት በእምነታቸው ተጠርጥረዋል። የፈቃደኝነት ቅጹ በሥርዓቱ ተነብቦላቸው ይሆናል፤ ቅጹ ግን ጨሌ ስለሚለው ቃል የሚለው ነገር የለም።

መልሶ መተርጐም ለምን አያድንም

የሚሰጠኝ መልስ አስቀድሞ ይታወቀኛል፦ «ለዚህ መልሶ መተርጐም አለ»። ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያስፋፋው ይህ ዘዴ በጥናት ዘዴ ምዕራፎቻችን ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀሳል፦ መጠይቁ ወደ አማርኛ ተተረጐመ፤ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ሁለቱ ተመሳከሩ፤ ተስማሙ።

በምሳሌያችን እንሞክረው። የመጀመሪያው ተርጓሚ «ቢድ»ን «ዶቃ» ቢለው፣ ሁለተኛው «ዶቃ»ን «ቢድ» ብሎ ይመልሰዋል። «ጨሌ» ቢለውም «ቢድ» ሆኖ ይመለሳል። «መቁጠሪያ» ቢለውም፣ ሁለተኛው ሰው «የጸሎት» የሚል ቅጽል ይጨምር እንደ ሆነ እንጂ፣ «ቢድ» ሆኖ ይመለሳል። ፈተናው ሦስቱንም ያሳልፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መልሶ መተርጐም የሚያመሳክረው እንግሊዝኛን ከእንግሊዝኛ ጋር ነው። የመነሻው ቋንቋ ከመድረሻው ቋንቋ ይልቅ ሸካራ ከፋፈል ሲኖረው፣ በመድረሻው ቋንቋ የተፈጸመ የተሳሳተ ምርጫ በመልስ ጉዞው ይደመሰሳል። ወንፊቱ ሰፊ ስለሆነ ጤፉም አፈሩም አብሮ ያልፋል፤ ወንፊቱን ሁለት ጊዜ መንፋት ልዩነት አያመጣም።

ይህ በ«ቢድ» ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ ባላስፈለገ ነበር። በዚሁ አካባቢ የግብርና ምጣኔ ሀብትን የሚያጠና ሰው «የጉልበት መረዳዳት» የሚል ትርጉም ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ሐረግ ይዞ ይሄዳል። የጎጃም ገበሬ ግን ወንፈልና ደቦ ብሎ ይለያል። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ የዋልክ ነገ እውልልሃለሁ ማለት ነው። ደቦ ጥሪ ነው፤ ጠሪው ያበላል ያጠጣል፤ የቀን ብድሩ እንደ ወንፈል አይቆጠርም። ድኻ ወንፈል መግባት ይችላል፤ ጉልበት አለውና። ደቦ ለመጥራት ግን ጠላና እንጀራ ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ አምድ ያስገባ ጥናት «የጉልበት መረዳዳት ለድኻው ይጠቅማል» ወይም «አይጠቅምም» ቢል፣ መደምደሚያው የተመሠረተው መረጃ ሰብሳቢው በመረጠው ቃል ላይ ነው። ይህም መልሶ መተርጐምን ያለ እንከን ያልፋል።

ሠላሳ ሁለቱ ፍሬዎች

ጉዳዩ ከወረቀት አልፎ ሰው ሕይወት ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ለማሳየት አንድ እውነተኛ ዕቃ ልጥቀስ። በአሜሪካ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ተዋልዶ ጤና ተቋም ያዘጋጀውና በብዙ አገሮች የተሠራጨ አንድ የቤተ ሰብ ምጣኔ መሣሪያ አለ፤ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሳይክል ቢድስ» ነው። በክር የተሰኩ 32 ባለ ቀለም ፍሬዎች ያሉት ሲሆን፣ አንዱ ቀይ ፍሬ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀንን ያመለክታል። ከእሱ ቀጥለው 6 ጠቆር ያሉ ፍሬዎች፣ ከዚያ 12 ነጭ ፍሬዎች፣ በመጨረሻም 13 ጠቆር ያሉ ፍሬዎች ይከተላሉ። ሴቲቱ ትንሽ የላስቲክ ቀለበት በየቀኑ አንድ ፍሬ ታሻግራለች። ነጮቹ፣ ማለትም ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን ያሉት፣ እርግዝና ሊፈጠር የሚችልባቸው ቀናት ናቸው። ዘዴው የሚያገለግለው የወር አበባ ዑደታቸው በ26 እና በ32 ቀን መካከል ለሆነ ሴቶች ነው።

አንዲት የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ይህን ዘዴ በምዕራብ ጎጃም ልታጠና ብትነሣ ምን ብላ ትጠራዋለች? «የዑደት ጨሌ» ብትለው ከእርሻ የገባ ባል በቤቱ ሊያየው የማይፈልገው ነገር ይሆናል። «የዑደት ዶቃ» ብትለው አያስቆጣም፤ ሆኖም የልጅ ጌጥ ይመስላል፤ ፍሬውን በየቀኑ የመቁጠር ግዴታ በስሙ ውስጥ የለም። «መቁጠሪያ» ሥራውን በትክክል ይገልጻል፤ ማንኛዋም ምእመን በጣት ፍሬ እየገፉ መቁጠርን አስቀድማ ታውቀዋለችና ለትምህርቱ የተዘጋጀ በር ነው። ነገር ግን የጸሎትን ዕቃ ስም ለሩካቤ ቀን መወሰኛ መስጠት ቅር የሚላቸው ይኖራሉ።

«እንግዲያው የቀን መቁጠሪያ እንበለው» የሚል ብልኅ ይመጣ ይሆናል። ይህ ከሁሉም የሚያሳስተው ነው። «የቀን መቁጠሪያ» በአማርኛ በግድግዳ የሚሰቀለው የወራትና የበዓላት ሰሌዳ ስም ሆኗል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች አመዳደብ ደግሞ ሴቲቱ ቀን በመገመት የምትጠነቀቅበት የቀን ቆጠራ ዘዴ ከባህላዊዎቹ ወገን ሲቆጠር፣ በእነዚህ ፍሬዎች የሚሠራው ደረጃውን የጠበቀ ዘዴ ከዘመናዊዎቹ ወገን ይመደባል። «የቀን መቁጠሪያ እጠቀማለሁ» ያለች ሴት በየትኛው አምድ ትገባለች? ስሟ ከአንዱ አምድ ወደ ሌላው ሲሻገር የዘመናዊ ዘዴ ተጠቃሚዎች ቁጥር አብሮ ይለወጣል። ቁጥሩን የሚያነበው የጤና ቢሮ የሚለወጠው የሴቶቹ ልማድ ይመስለዋል፤ የተለወጠው ግን ቃሉ ነው።

እኔ ብጠየቅ ስሙን ከመጠይቁ በፊት ሴቶቹ ራሳቸው ያውጡት እላለሁ። ዕቃውን በእጃቸው ይስጧቸው፤ ሥራውን ያስረዱ፤ «ይህን ምን እንበለው?» ብለው ይጠይቁ። በመንደሩ የሚስማሙበት ስም ከሁላችንም መዝገበ ቃላት የተሻለ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «ትርጉምን የሚወስነው ዐውዱ ነው፤ ሰው ከአነጋገሩ ይረዳል» የሚል ነው። በጭውውት እውነት ነው። መጠይቅ ግን ሆን ተብሎ ዐውድ የተገፈፈለት ንግግር ነው። ጥያቄው ለሁሉም በአንድ ዓይነት ቃል፣ ያለ ማብራሪያ እንዲነበብ መረጃ ሰብሳቢውን እናሠለጥነዋለን። ዐውዱን ራሳችን ከወሰድን በኋላ ዐውድ ያድነናል ማለት አንችልም።

ሁለተኛው «ከላይ የተሰጠው የሦስትዮሽ ክፍፍል በየቦታው አይጸናም፤ ጨሌን ለጌጥ የሚጠቀሙ አሉ ተብሏል» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ሐሳቤን ግን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ክፍፍሉ ከወረዳ ወረዳ የሚለያይ ከሆነ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጦ አንድ ቃል መምረጥ የበለጠ አደገኛ ይሆናል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ የወጡት ታላላቅ መዛግብት ቃሉን ለመረዳት ይጠቅማሉ፤ የዛሬዪቱ የቋሪት እናት በምን ስሜት እንደምትሰማው ግን የምትናገረው እሷው ብቻ ናት።

ሦስተኛው ተግባራዊ ነው፦ «ፈታኙ እንግሊዝኛ ይፈልጋል፤ በአማርኛ ቃላት የተሞላ ጽሑፍ ለዓለም አቀፍ አንባቢ አይመችም»። የዓለም አቀፉ አንባቢ ግን የሚፈልገው እኛ ጋር ያለውን እንጂ እሱ ጋር ያለውን አይደለም። ጤፍንና እንጀራን በራሳቸው ስም ተቀብሏል፤ ወንፈልንና ጨሌን የማይቀበልበት ምክንያት የለም። በአንድ ዓረፍተ ነገር የተብራራ የአማርኛ ቃል ገጽ አያበላሽም፤ አንድ የተሳሳተ የእንግሊዝኛ ቃል ግን ሙሉ ምዕራፍ ያበላሻል።

ምን ይደረግ

የምጠይቃቸው አራት ነገሮች ናቸው፤ አንዳቸውም ገንዘብ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው፣ በአማርኛ መረጃ የሰበሰበ ማንኛውም የድኅረ ምረቃ ጽሑፍ ያነጋገረበትን የአማርኛ መጠይቅ በፊደላችን፣ አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ በአባሪ ያያይዝ። የእንግሊዝኛው መጠይቅ እቅድ ነው፤ የተጠየቀው የአማርኛው ነው።

ሁለተኛው፣ የጥናቱ ቁልፍ ቃላት በአጭር ሠንጠረዥ ይቀመጡ፦ ቃሉ፣ በየትኛው ወረዳ እንደተሰማ፣ ተናጋሪዎቹ ለምን አገልግሎት እንደሚያውሉት፣ በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ እንደተተረጐመ፣ በትርጉሙ ምን እንደቀረ። የመጨረሻው አምድ ዋናው ነው።

ሦስተኛው፣ መልሶ መተርጐም ይቅር አልልም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ነገሩ የሚታይ ዕቃ ከሆነ ዕቃውን ወይም ሥዕሉን አሳይቶ ስሙን ማስጠራት፣ ነገሩ የማይታይ ከሆነ «እንዲህ ሲባል ምን ይገባዎታል?» ብሎ ጥቂት ሰዎችን በቅድመ ሙከራ መጠየቅ ይጨመርበት። ያን ጊዜ ፈተናው እንግሊዝኛን ከእንግሊዝኛ ጋር ማመሳከሩ ቀርቶ ቃልን ከነገሩ ጋር ያመሳክራል።

አራተኛው፣ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች የእንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን የአማርኛውን መጠይቅ ያንብቡ። ተጠያቂውን የሚያስከፋው፣ የሚያስጠረጥረው ወይም የሚያከብረው እሱ ነው። በምሳሌያችን ላይ ጉዳቱ የደረሰው በእንግሊዝኛው ጥያቄ አይደለም፤ በእሱ ውስጥ አንድም የሚያስነቅፍ ቃል አልነበረም።

የእንግሊዝኛው ቃል ለሰባት መቶ ዓመታት ያህል ከጸሎት ወደ ፍሬ፣ ከፍሬ ወደ ላብ፣ ከላብ ወደ ብረት ሲጓዝ የቆየው በራሱ ተናጋሪዎች አፍ ነው፤ ትርጉሙንም እነሱ ያውቁታል። ዶቃና ጨሌ፣ መቁጠሪያና አልቦ ደግሞ ባለቤት አላቸው። ባለቤቶቹ በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ፣ በቡሬ ገበያ፣ በሰከላ ደጋ ይገኛሉ። ለዲግሪያችን ጊዜያቸውን ሰጥተው ይመልሱልናል። የሚመልሱት ግን የጠየቅናቸውን ነው፤ እኛም የምንጽፈው የጠየቅነውን ሊሆን ይገባል።